በጣና ዳርቻና በጢስ ዓባይ ለአገር ጎብኚዎች ስለሚሠሩ አነስተኛ መገልገያዎች



የመሐንዲስ ሙያ ሲነሣ ቶሎ ወደ ኅሊና የሚመጣው ግድቡ፣ ድልድዩ፣ አውራ ጎዳናውና ፎቁ ነው። በሐይቅ ዳር የሚሠራ የጀልባ መውረጃ፣ ወደ ፏፏቴ የሚያደርስ የእግር መንገድ፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚያስጠልል ዳስ፣ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው መጸዳጃ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ምሕንድስና ሥራ አይቈጠርም። በዚህም ምክንያት ያለ ልኬት፣ ያለ አፈር ምርመራና ያለ በቂ ፕላን ይሠራል። ሥራው ትንሽ ስለሆነ ስሕተቱም ትንሽ የሚሆን ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በከተማ መካከል በተሳሳተ ስፍራ የተሠራ አንድ መጸዳጃ ቤት የሚያስከትለው ጉዳት ሽታ ነው፤ በሐይቅ ዳር በተሳሳተ ስፍራ የተሠራው ግን የሚበክለው የአንድ ቀበሌ ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ውበት ባለው የገጠር ውኃ ዳር ለጎብኚዎች የሚሠሩ አነስተኛ መገልገያዎች በምን ዓይነት አሳብ ሊነደፉ እንደሚገባ ማመልከት ነው። ለምሳሌ የተመረጡት የጣና ሐይቅ ዳርቻና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ወንዝ የተያያዙ፣ ነገር ግን የተለያየ ጠባይ ያላቸው በመሆናቸው የጉዳዩን ሁለት ገጽታ ያሳያሉ።

፩. የቦታው ጠባይ

እንደሚታወቀው የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ጥንታውያን ገዳማት ይገኛሉ። በዘጌ ቡናው ከረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚበቅል ደኑ እስከ ውኃው ጠርዝ ይደርሳል። የሐይቁ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ከባቢ ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበኩሉ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጥቁር ድንጋይ ገደል ይወርዳል። ወንዙ በሚሞላበት ወራት የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል።

ንድፍ አውጪው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ነገር እነዚህ ቦታዎች ባዶ አለመሆናቸውን ነው። ለጎብኚው የዕረፍት ስፍራ የሆነው ዳርቻ ለነዋሪው የሥራ ቦታ ነው። ሴቶች ውኃ ይቀዱበታል፤ ከብት ይጠጣበታል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ያደርቅበታል፤ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ እንጨትና እህል ጭና ትደርስበታለች። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድም ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት የገበያና የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነበረ፤ ዛሬም ነው። ስለሆነም ፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ሊደረግ የሚገባው የመጀመሪያ ጥናት በቦታው ላይ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን እንደሚሠራ በገበያ ቀንም ሆነ በአዘቦት ቀን ተቀምጦ መመልከት ነው።

፪. ከፍና ዝቅ በሚል ውኃ ዳር ስለሚሠራ የጀልባ መውረጃ

የጣና ውኃ ወለል በየዓመቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሣል፣ ይወርዳልም። ከፍ የሚለው በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ሲሆን ዝቅ የሚለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። በተፈጥሮው ላይም የሰው ሥራ ተጨምሮበታል። ከሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ መቈጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሚለቀቀው ውኃ መጠን በመዝጊያዎች ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ወለል እጅግ ዝቅ በማለቱ የመርከብ ጉዞ ተቋርጦ እንደነበረ ይታወሳል።

ይህ ለጀልባ መውረጃ ንድፍ ከሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ነው። ልኬቱ የተወሰደው በጥቅምት ከሆነና መድረኩም ለዚያ ከፍታ ከተሠራ፣ በግንቦት ጀልባይቱ ከመድረኩ በታች አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትቆማለች፤ ሽማግሌና ሕፃን በእጅ ተይዘው መውረድ ግድ ይሆንባቸዋል። ለግንቦት ከፍታ ከተሠራ ደግሞ በመስከረም ውኃ ይውጠዋል። በረባዳ ዳርቻ ላይ ችግሩ የባሰ ነው። የዳርቻው ዘቅዛቃነት በ50 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ ከሆነ የአንድ ሜትር ተኩል ቅናሽ የውኃውን ጠርዝ 75 ሜትር ያህል ያርቀዋል። በዚህን ጊዜ መድረኩ በጭቃ መካከል ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ አንደኛው መፍትሔ ምርጫው ላይ ነው፤ ይኸውም መውረጃውን ረባዳ በሆነው ሣራማ ዳርቻ ሳይሆን ድንጋያማና ቁልቁል በሆነው ስፍራ ማድረግ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጥቁር ድንጋይ ደረጃ ቢሠራ፣ ለአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት ዐሥር ደረጃ ይበቃል፤ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ቢጨመርለት ላልተለመደ ዓመትም ይሆናል። ጀልባይቱ በማናቸውም ወር ከአንዱ ደረጃ ጋር ትተካከላለች። ሁለተኛው መፍትሔ በባዶ በርሜሎች ላይ የሚንሳፈፍ መድረክ ሆኖ ከመሬት ጋር በማጠፊያ በተያያዘ መረማመጃ የሚገናኝ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ዘቅዛቃነቱ በ12 ሜትር ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ከተፈለገ መረማመጃው 18 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ወጪው ከፍ ያለ በመሆኑ በየመንደሩ ሳይሆን ብዙ ሰው በሚያልፍባቸው መነሻዎች ላይ ቢሠራ ይመረጣል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው ብልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውኃ ውስጥ ስለሆነ ተሳፋሪ ጫማውን አውልቆ በውኃው ውስጥ እንዲራመድ የሚያስገድድ መውረጃ የጤና ጠንቅ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ነው። ድፍን የኮንክሪት ግንብ ወደ ውኃው ሲዘረጋ ነፋስ የሚገፋውን አረም ይሰበስባል፤ በጎኑም የቆመና የሚሸት ውኃ ይፈጥራል። በቋሚዎች ላይ የተቀመጠ ወይም የሚንሳፈፍ መድረክ ግን ማዕበሉንም ሆነ አረሙን ያሳልፋል። ቋሚዎቹ ከእንጨት ከሆኑ ፈጥነው የሚበሰብሱት አንድ ጊዜ እርጥብ አንድ ጊዜ ደረቅ በሚሆነው ክፍላቸው ላይ ስለሆነ ያ ክፍል በቀላሉ የሚለወጥ ሆኖ መነደፍ አለበት።

፫. ስለ እግር መንገድና ስለ መመልከቻ

በጢስ ዓባይ የውኃው ጉዳይ በሌላ መልክ ይቀርባል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 በ11.4 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 በ73 ሜጋ ዋት ጉልበት ተሠርተዋል። ሁለቱም ውኃቸውን የሚጠልፉት ከፏፏቴው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውኃውን ከሐይቁ ወደ በለስ ይወስዳል። ስለሆነም በበጋ ወራት ወደ ፏፏቴው የሚመጣው ጎብኚ በሥዕል ያየውን ሳይሆን የቀጠነ ውኃና የተራቈተ ገደል የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚለቀቀውን የውኃ መጠን የሚወስነው የመገልገያ ንድፍ አውጪው አይደለም። ይሁን እንጂ ለአሠሪው እውነቱን መናገር የሙያው ግዴታ ነው፤ ይኸውም የጎደለውን ውኃ የትኛውም ያማረ ሕንፃ ሊተካው አይችልም። ፏፏቴው ላይ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ውኃ ለማየት ነው።

ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት በኖራ ጭቃና በድንጋይ የተሠራው ድልድይ ይገኛል። ይህ ድልድይ ለንድፍ አውጪው ትምህርት ነው። በአካባቢው ድንጋይ የተሠራ በመሆኑ ከገደሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዓለቱ ላይ ስለተመሠረተም ብዙ ጎርፍ አሳልፏል።

በዚህ አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። እንዲህ ባለ አገር ማፍሰሻ የሌለው የእግር መንገድ በሁለት ክረምት ወደ ቦይነት ይለወጣል። ስለዚህ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ጎን በመጠኑ ማዘንበል፣ በየተወሰነውም ርቀት በድንጋይ የተሠራ አቋራጭ ማፍሰሻ ማግኘት አለበት። ዐቀበቱ በደረጃ ሲሠራ ደግሞ ጭነት የያዘች አህያም የምትወጣበት መሆኑ መታሰብ ይገባዋል። ጠባብና ከፍተኛ ደረጃ ለአህያ አይሆንም፤ የእያንዳንዱ ደረጃ መርገጫ ሰፊ፣ ከፍታውም ዝቅተኛ ቢሆን ለአህያይቱም፣ ለደከመ ጎብኚም፣ እንስራ ለተሸከመች ሴትም ይመቻል። ከፏፏቴው የሚነሣው ጢስ ድንጋዩን ዘወትር እያረጠበ ሽበት ስለሚያበቅልበት የመርገጫው ፊት የተለሰነ ሳይሆን በመሮ የተጠረበና ሸካራ መሆን አለበት።

መመልከቻውን በሚመለከት ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጠርዝ እንደሚጠጋ መዘንጋት አይገባም። ስለሆነም ወለሉ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ሆኖ ይሰላል፤ አጥሩ ከ1.10 ሜትር ያላነሰ ከፍታ፣ በቋሚዎቹም መካከል ሕፃን የማያሳልፍ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የጠበበ ክፍተት እንዲኖረው ያስፈልጋል። መመልከቻውን ከገደሉ አውጥቶ በአየር ላይ ማንጠልጠል ለዓይን የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ተከታታይ ምርመራና እድሳት በማይገኝበት የገጠር ስፍራ ከዓለቱ ጠርዝ ጥቂት ሸሸት ብሎ በጽኑ መሬት ላይ የተቀመጠ ወለል የበለጠ አስተማማኝ ነው።

መገልገያው ራሱ የመልክዓ ምድሩን ውበት እንዳያበላሽ የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሕንፃው አራት ማዕዘን ላይ በጣሪያው ቁመት ልክ እንጨት ተክሎ ነጭ ጨርቅ ማሰርና ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው አናት፣ ከጀልባም ላይ ሆኖ መመልከት ነው። ጨርቁ ፏፏቴውን ወይም የሐይቁን አድማስ የሚከልል ከሆነ ቦታው ይለወጣል። ብዙ ገንዘብ የማይፈጅ እንጨት በፕላን ላይ የማይታየውን ስሕተት ያሳያል።

፬. ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ውኃ

ከመገልገያዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ይኸኛው ነው። በተለምዶ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ከውኃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ የጉድጓዱም ወለል ከከርሠ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል። በሐይቅ ዳር ግን የከርሠ ምድሩ ውኃ በመስከረም ከሐይቁ ጋር አብሮ ስለሚነሣ በሚያዝያ ደረቅ የነበረው ጉድጓድ በመስከረም ውኃ ይሞላል። በጢስ ዓባይ አካባቢ ደግሞ መሬቱ ስንጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ፍሳሽ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ይጣራል፤ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ግን ሳይጣራ ርቆ ይሄዳልና የ30 ሜትሩ ርቀት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ስፍራ የሚስማማው ከመሬት በላይ የተሠሩ፣ ውኃ የማያስገቡና የማያስወጡ ሁለት ጎተራዎች ያሉት ደረቅ መጸዳጃ ቤት ነው። በአንደኛው ሲጠቀሙ የሞላው ሌላው ተዘግቶ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ዐመድ እየተነሰነሰበት ከደረቀ በኋላ ያለ አደጋ ሊወጣ ይችላል። ይህ አሠራር በውኃ የሚለቀቀውን ያህል ዘመናዊ መስሎ አይታይም። ነገር ግን በውኃ የሚለቀቀው መጸዳጃ ቤት በእያንዳንዱ አጠቃቀም ከ6 እስከ 9 ሊትር ንጹሕ ውኃ ወደ ፍሳሽነት ይለውጣል፤ ፍሳሹም ማጣሪያ በሌለበት አገር የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው።

ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን ውኃ ጣሪያው ራሱ ይሰጣል። 60 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ በ1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ከአምስት እጅ አንዱ ይባክናል ተብሎ ቢገመት፣ በዓመት 67 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይሰበስባል። በቀን 60 ሰው አንድ ሊትር ተኩል ቢጠቀም የ240 ቀን በጋ ፍጆታ 21.6 ሜትር ኩብ ነው። ስለሆነም 25 ሜትር ኩብ የሚይዝ የግንብ ማጠራቀሚያ ዓመቱን ያዳርሳል።

እዚህ ላይ “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚለው ምሳሌ ሊታወስ ይገባል። ለጎብኚው የእጅ መታጠቢያ ተሠርቶ ከአጥሩ ውጭ የምትኖር ሴት ከብት ከሚጠጣበት ስፍራ የምትቀዳ ከሆነ መገልገያው የሚያሳፍር እንጂ የሚያኰራ አይሆንም። ጥልቅ ጉድጓድ ተቈፍሮ የቧንቧ ውኃ በሚገባበት ሁሉ ቢያንስ አንደኛው ቧንቧ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ለነዋሪው እንዲያገለግል ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ መመልከት አለበት። በኋላ የሚጨመር ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳይጨመር ይቀራል።

፭. ስለ መጠለያና ስለ መሥሪያ ዕቃ

ጥሩ መጠለያ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በቦታው አለ፤ እርሱም ዋርካው ነው። በሥሩ የድንጋይ መደብ ማድረግ ለዳስ የሚወጣውን ገንዘብ ያተርፋል። ነገር ግን ሥሩን በሲሚንቶ መድፈን ዛፉን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያደርቀዋልና መደቡ ከግንዱ ርቆ በደረቅ ድንጋይ ክምር ብቻ መሠራት አለበት።

መጠለያው የት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የቦታው ሥርዓት ነው። ለምሳሌ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። አብረው የመጡ ወንዶች ገዳሙን ሲጎበኙ ሴቶቹ ከመውረጃው ላይ ይጠብቃሉ። ጥላና መቀመጫ ይበልጥ የሚያስፈልገው እንግዲህ በገዳሙ በር ሳይሆን በመውረጃው ዘንድ ነው። የገዳማቱን አባቶች ሳያማክሩ የሚነሣ ፕላን እንዲህ ያለውን ነገር ሊያውቅ አይችልም።

መሥሪያ ዕቃን በሚመለከት ጥቁር ድንጋይ በቅርብ ይገኛል፤ ግንበኛውም ጠባዩን ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት ጋር ሳይነካካ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት እግር ላይ መቆም አለበት። የሣር ክዳን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይስማማል፤ ሆኖም በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ዝናብ ለማጠራቀም ይመረጣል፤ አዲስ ሲሆን ግን ከሐይቁ ማዶ ያብረቀርቃልና የማያንጸባርቅ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ሊቀባ ይገባል።

ዋልካ አፈር ባለበት ስፍራ ደግሞ “ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሠረቱም ቀላል ይሁን” የሚለው አሳብ ስሕተት ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ ጥቂት ይቋቋመዋል፤ ትንሹን ቤት ግን አንሥቶ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ዋልካው ተቈርጦ በማያብጥ አፈር መተካት፣ የጣሪያውም ውኃ ከመሠረቱ መራቅ አለበት። ለዚህ ሥራ አፈር የተነሣበት ጉድጓድ ሳይደፈን ከቀረ በመስከረም የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ሥራ ተቋራጩ ከመልቀቁ በፊት ጉድጓዱን እንዲደፍን በውሉ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

፮. ጎብኚ በማይመጣበት ዓመት

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጎብኚ እንደሚመጣ በመገመት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ወደ ጣናና ወደ ጢስ ዓባይ የሚመጣውን ሰው እጅግ ቀንሰውታል። ከመግቢያ ክፍያ በሚገኝ ገንዘብ ብቻ ይጠበቃል የተባለ መገልገያ ክፍያው ሲቋረጥ ጠባቂ ያጣል፤ በሩ ይወሰዳል፣ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ጎተራው ይሞላል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አነስተኛ መገልገያ ጎብኚ ባይኖርም የሚያገለግል መሆን እንዳለበት ነው። የጀልባ መውረጃው የቡና ነጋዴውና የታንኳው ባለቤት መውረጃ ከሆነ፣ መንገዱ የገበያ መንገድ ከሆነ፣ ዳሱ የዕድር መሰብሰቢያና የተማሪ ጥላ ከሆነ፣ ቧንቧውም የመንደሩ ቧንቧ ከሆነ ጎብኚ በሌለበት ዓመት ጠባቂ አያጣም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ” እንደሚባለው የጥበቃው ሥራ በብዙ እጅ ላይ ሲውል ይቀላል። ስለሆነም በፕላኑ መግለጫ ውስጥ ከሲሚንቶውና ከብረቱ ዝርዝር ጋር ማን እንደሚጠርግ፣ ማን ጎተራውን እንደሚያወጣ፣ የተሰበረውን ደረጃ ማን እንደሚጠግን በግልጽ ሊጻፍ ይገባዋል። እያንዳንዱም ክፍል በአካባቢው ግንበኛና አናጢ እጅ የሚታደስ ሊሆን ይገባል፤ መለዋወጫው ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር በተበላሸበት ቀን ሥራው አበቃ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በመጨረሻም የተባለውን ለመጠቅለል፣ በውኃ ዳር የሚሠራ ትንሽ መገልገያ አራት ነገሮች ይጠየቅበታል። ውኃው ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ማገልገሉ፤ ውኃውን አለመበከሉ፤ ሊታይ የተፈለገውን ነገር አለመከለሉ፤ ከጎብኚው በፊት በቦታው ለነበረው ሰው መጥቀሙ። እነዚህን ለማሟላት ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። የሚጠየቀው አንድ መሐንዲስ በመስከረምም በግንቦትም ወደ ቦታው ሄዶ እንዲለካ፣ ከሽማግሌዎችና ከውኃ ቀጂዎች ጋር እንዲነጋገር፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ተመልሶ እንዲያይ ነው። የሙያው ማኅበር አባሎች ለግድቡና ለድልድዩ የሚሰጡትን ጥንቃቄ ከፊሉን እንኳ ለእነዚህ ሥራዎች ቢሰጡ፣ ነዋሪው የሚጠጣው ውኃ ይጠበቃል፤ ጎብኚውም ለማየት የመጣውን ነገር አይቶ ይመለሳል።